ደህና ነን ባዮች

«እንደገና! ከሆድሽ አውጪው እንጂ ከከንፈርሽ ላይ ምን ታደርጊዋለሽ?» አሉ ሙሀመድሰይድ፣ ከበራቸው ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመው። «‹ሒሳብ ታውቂያለሽ ወይ?› ብዬሻለሁ። ምን ትያለሽ?»

ሲቲ እጆቿን አጣምራ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆማለች። «አውቃለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

«ማንን ነው የምታሚው? ጮክ በይ!»

«አውቃለሁ።»

«ምን ያህል?»

«እ… እንደ አቅሜ ነዋ፣ አባ።»

ሙሀመድሰይድ ዱላቸውን መሬት ላይ ጣሉት። «ይኸው! አምና ጉድ ያደረገን ይኸው ነው!»

አምና የሆነውን ከሮቢት እስከ ቆቦ ያልሰማ የለም። ሲቲ፣ ልጅ ያልወለደችው አክስቷ ወልድያ ወስዳ ያሳደገቻት፣ ዐሥረኛ ክፍል አድርሳም የመለሰቻት ልጅ ናት። በክፍሏ አንደኛ እንጂ ሁለተኛ መውጣት አታውቅም። ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ሲፈለግ ለቃል ፈተና ቀረበችና፣ ፈታኙ «ሒሳብ ታውቂያለሽ?» ቢሏት በደንብ ያደገች ልጅ የምትመልሰውን መለሰች። «ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ ብለው ነው ጌታዬ፣ እንዲያው እሞካክራለሁ እንጂ» አለች። በራያ አገር እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጥ ጠያቂው «ኧረ ታውቂያለሽ ሲሉ ሰምቻለሁ!» ብሎ ይገፋል፤ ተጠያቂውም ትንሽ ተግደርድሮ ያለውን ያወጣል። ወጉ ይኸው ነው። ፈታኙ ግን የሩቅ አገር ሰው ነበሩና አልገፉም። «እንግዲያውማ የሚያውቅ እንፈልግ» ብለው ቀጣዩን ጠሩ። ቀጣዩ የቤት ሥራውን ከሲቲ ደብተር ሲገለብጥ የኖረ ልጅ ነው፤ «አሳምሬ አውቃለሁ!» አለና ሥራውን ይዞ ወጣ።

አምና ነገሩ ያስቅ ነበር። ዘንድሮ ግን፣ በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የሚያስቅ ነገር ጠፍቷል። ማሽላው ሁለት ዓመት በላይ በላዩ ሳያፈራ አገዳው ደርቆ ቀረ። ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ሞተ፤ አንዱ ሳይሞት ይሻላል ተብሎ ለሥጋ ተሸጠ። የሲቲ ታላቅ ወንድም፣ ከማሉዲን የሚባለው፣ የቀን ሥራ ፍለጋ ሁመራ ሄዶ ወሬው ጠፋ። በዚህ መሐል ነው ቆቦ ዳር ለድርቁ ተጎጂዎች በተተከለው መጠለያ ልጆችን የሚያስተምር አንድ መምህር ይፈለጋል የተባለው። ደመወዝ አለው፤ በየወሩም ለቤተሰብ የሚበቃ ስንዴ አለው። ስንዴው ሲነገራት ሲቲ የደመወዙን መጠን መጠየቅ እንኳ ረስታለች።

ሙሀመድሰይድ በጉብዝናቸው ዘመን በሠርግም በለቅሶም የሚፎክሩ፣ እሳቸው ካልመጡ ነገሩ የማይደምቅ ሰው ነበሩ። ለልጃቸውም የሚያውቁትን መድኃኒት አዘዙላት።

«ፉከራ ማለት ሌላ አይደለም» አሉ ዱላቸውን ጎንበስ ብለው አንስተው። «ያለህን ሳታፍር መናገር ነው። እይኝማ!» ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አንገታቸውን ሰበቅ አደረጉ፤ ዱላውን ከፍ አድርገው ወዘወዙ።

«ዘራፍ! የጠመኔው ጌታ፣ የሰሌዳው አንበሳ፣
የተኛውን ደቦል ሀ ብሎ የሚያስነሳ!»

ደጃፉ ላይ እግሯን ዘርግታ የተቀመጠችው እናቷ የሺ ሳቋ አመለጣት። «ምነው አንተ ሰውዬ! ልጅቱን ፈታኙን ግደይው አልካት እንዴ?»

«ካልገደለችው መቼ ይቀጥራታል!»

ሲቲም ሳቀች። እናቷ ስትስቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው! ሙሀመድሰይድ ግን ግራሩን ተደግፈው ቆዩ። ሌሊቱን ሲያቅራሩ አድረው ጠዋት ሞፈር የሚሸከሙት ሰውዬ፣ ዛሬ ሁለት ስንኝ ትንፋሻቸውን ወሰደባቸው። ሲቲ አየች፤ አየሁ ግን አላለችም። በዚህ ቤት ደንቡ እንዲህ ነው። የየሺ እግር ያበጠው ብርድ መትቷት ነው ይባላል። ሙሀመድሰይድ ቀበቷቸውን አዲስ ቀዳዳ የበሱት ቆዳው ስለላላ ነው ይባላል። ራት ቀርቦ ሁሉም እጁን ቶሎ የሚሰበስበው ስለጠገበ ነው። ራብ የሚባለው ነገር ከጓዳ እስከ ደጅ ሞልቶ ተቀምጧል፤ ስሙን የሚጠራው ግን የለም።

በቀደም ለታ የእርዳታ እህል የሚመዘግቡ ሰዎች በመንደሩ ሲዞሩ ሙሀመድሰይድ በራቸው ላይ ቆመው፣ «እኛ ደህና ነን፤ ለተቸገረ ስጡ» ብለው በምርቃት ሸኝተዋቸዋል። ሲቲ የዚያን ቀን በአባቷ ኮራች። በአባቷም ተናደደች፤ እናቷን ባየች ቁጥር ንዴቱ እየባሰባት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ መምህር ካሳው ከቆቦ መጣ። ካሳው ሲቲን በልጅነቷ፣ ወልድያ ሳትሄድ፣ ፊደል ያስቆጠራት፣ የሥራውንም ወሬ ያመጣላት ሰው ነው።

«ግባ እንጂ መምህር፣ ቤት ያፈራውን ቅመስ» አለችው የሺ። ቤቱ ያፈራው ምንም እንደሌለ እሷም ታውቃለች፤ እሱም ያውቃል።

«ኧረ እትዬ የሺ፣ አሁን ከምሳ ተነሥቼ ነው። ሆዴ ሊፈነዳ ነው» አለ ካሳው። ጥቂት ተጫውቶ፣ የፈተናውን ሰዓት ነግሮ ተነሣ። «ሲቲ፣ እስከ አጥሩ ሸኚኝ።»

አጥሩ ጋ ሲደርሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገ የምትፈተኑት ሁለት ናችሁ። አንቺና አንድ የጎብዬ ከተማ ልጅ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ አልዋሽሽም። በዕውቀት እኩል ከሆናችሁ ግን ሥራው የሚሰጠው ድርቁ የባሰ ለጎዳው ቤት ልጅ ነው። ፈታኙ ስለ ቤታችሁ ይጠይቃሉ። አባትሽ አብረውሽ ይመጣሉ አይደል?»

«ይመጣሉ። ከወንዶች ጋር ብቻዬን መች ያስቀምጡኛል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ንገሪያቸው። ሲጠየቁ ያለውን እንዳለ ይናገሩ። እኔ ልነግራቸው ነበር የመጣሁት፤ ፊታቸውን ሳይ ምላሴ ተሳሰረ።»

«የእርስዎ ምላስ ከተሳሰረ የእኔማ እንዴት ይፈታል?»

ካሳው የአጥሩን እሾህ እየነካካ ቆየና፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ ሲቲ» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ማለዳ የሺ የዒድ ቀሚሷን ከሣጥን አውጥታ አለበሰቻት። የሺ ደልዳላ ሴት ስለነበረች ቀሚሱ ለልጅቱ ሰፋት፤ ጎንና ጎኑን በመርፌ ያዝ ያዝ አደረገችላት። ከዚያ ከዱቄት ዕቃው ጥግ ተጠርጎ የተጋገረ ቁራሽ የማሽላ ቂጣ አቀረበችላት።

«ብዪ። ድምፅ የሚወጣው ከሆድ ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ጠዋት ጠዋት አይስማማኝም።»

«እንግዲያው ለአባ ይቀመጥ።»

«አንቺ ልጅ! ብልህ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል። ብዪ ብዬሻለሁ!»

ሲቲ ግማሹን በላች። ግማሹን ወደ እናቷ ገፋ አድርጋ «ጠገብኩ» አለች። እሷም የዚያው ቤት ልጅ ናታ!

«ሂጂ፤ አላህ አፍሽን ይፍታው» አለች የሺ እጇን ዘርግታ። «ከፈታኙ ፊት ሞገስ ይስጥሽ።»

«አሚን።»

ሙሀመድሰይድ ከአጥሩ ሲወጡ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁ። «ስለ ቤታችን የሚሉሽ ነገር ካለ አፍሽን ሰብስቢ። ሥራ ፍለጋ ሄድን እንጂ ልመና አልሄድንም። በዕውቀትሽ ውሰጂው።»

ወደ ቆቦ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ይዘው ሄዱ። ሜዳው እስከ ዞብል ተራራ ድረስ ገርጥቶ ተኝቷል። ስንዴ የጫነ መኪና አቧራውን አልብሷቸው ሲያልፍ ሙሀመድሰይድ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ መኪናውን ግን በዓይናቸው አልተከተሉትም። ሲቲ ተከተለችው።

ጥቂት እንደሄዱ ሰላሁዲንን ከነቤተሰቡ ደረሱባቸው። ሰላሁዲን የሙሀመድሰይድ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ በአገሩ ከብቱ በዝቶ የሚያስቀና ሰው ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላሁዲን! እንዴት ከርመሃል? ልጆች እንዴት ናቸው? ከብቱስ?»

ከብቱን መጥራታቸው በልማድ ነው። አንድ ጥጃ እንኳ እንዳልተረፈ ያውቃሉ። ድሮ በራያ ሰላምታ ከሰው ተነሥቶ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ጎረቤቱን አዳርሶ ነበር የሚያልቅ። ዘንድሮ ግን ሰላምታው አጥሯል፤ ብዙ ሰው ልጆች ላይ ከመድረሱ በፊት ያቆማል። ሙሀመድሰይድ የተናገሩት ሲገባቸው ምላሳቸውን ነከሱ።

«ወአለይኩሙሰላም። አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና ነው» አለ ሰላሁዲን። ሚስቱ የተጠቀለለ ሰሌን አዝላለች፤ ትልቋ ልጁ ድስት ይዛለች። «ቆቦ ዘመድ ልንጠይቅ ነው።»

«ኸይር ነው። ሰላም በሉልን።»

«እናንተስ እንዴት ናችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ምን እንሆናለን!»

ሁለቱ ሰዎች ተቃቅፈው ተሳሳሙ፤ የአንዱ አጥንት ሌላውን እየወጋው፣ ደህና መሆናቸውን ተማምለው ተለያዩ። ሰሌንና ድስት ተሸክሞ ዘመድ የሚጠይቅ እንደሌለ፣ መንገዱ ወደ መጠለያው እንደሚወስድ ሁሉም ያውቃል። ሲቲ ካለፏቸው በኋላ ዕንባዋ መጣ።

«አባ።»

«ወይ።»

«እነሰላሁዲን እኮ…»

«ዘመድ ልንጠይቅ ነው አለ አይደል?» አሉ ሙሀመድሰይድ ቆጣ ብለው።

ሲቲ ከዚያ ደግሞ ልቧን አጠንክራ ጀመረች። «አባ፣ ፈታኙ አንቱንም ይጠይቁ ይሆናል።»

«ይጠይቁኝ! ምን ያስፈራኛል?»

«ስለ ቤት ቢጠይቁስ?»

«ቤት ምን ሆነ? ቤት ደህና ነው።»

«እሱማ…» አለችና ቀሪውን ዋጠችው። መናገር ማለት ‹አባ፣ እኛን ማብላት አቅቶዎታል› ብሎ ፊት ለፊት መናገር መስሎ ታያት። ይህን ከምትል መንገዱ ዳር ብትቀበር በወደደች። ቆቦ እስኪገቡ ሦስት ጊዜ ያህል አፏን ከፍታ ዘጋችው።

ፈተናው የሚሰጥበት ክፍል በር ላይ ሲደርሱ የጎብዬው ልጅ ከአባቱ ጋር እየወጣ ነበር። ልጁ ትሑት፣ ዓይነ ገብ ልጅ ነው፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አላቸው። አባትየው ግን ዕንባቸውን በነጭ ጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «አለቀልን እኮ ጌታዬ! ድርቁ የበላው እኛን ነው!» እያሉ ወደ ውስጥ ይጣራሉ። ጉንጫቸው ግን ሙሉ ነው፤ ጎብዬ ላይ ሱቅ አላቸው፤ በሩም አንድ ቀን ተዘግቶ አያውቅም። ሙሀመድሰይድ ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ «ወንድ ልጅ እንዲህ ያለቅሳል እንዴ?» ብለው አጉረመረሙ።

ፈታኙ ከደሴ የመጡ፣ መነጽር ያደረጉ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ካሳው ተቀምጧል። ሙሀመድሰይድ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው።

«ሒሳብ ማስተማር ትችያለሽ?» አሉ ፈታኙ።

‹ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ ብለው ነው› የምትለው ነገር ከሲቲ ጥርስ ጀርባ ተነሥታ ቆመች። የዚያን ጊዜ ከበሩ በኩል ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማች። ከፉከራ በፊት የሚመጣው ጠረጋ ነው።

«እችላለሁ!» አለች። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «አሳምሬ እችላለሁ። ከወልድያ ጀምሮ በሒሳብ የቀደመኝ የለም።»

ፈታኙ ፈገግ አሉ። «እሺ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ የመጠለያው ልጅ ነኝ። አስተምሪኝ።»

ሲቲ ጠመኔውን አነሣች። ሰሌዳው ፊት ስትቆም ፍርሃቷ እንደተዋሰችው ነገር ጥሏት ሄደ። «ስምህ ማን ነው?»

«ወልደ ሚካኤል።»

«እንግዲያው ወልደ ሚካኤል፣ ከስምህ እንጀምራለን። ቀጥ ብለህ ተቀመጥ፤ ንፍጥህንም ጥረግ።»

ካሳው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሲቲ ምን እንዳለች ሲገባት ልትሰምጥ ደረሰች፤ ፈታኙ ግን ከምራቸው መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉና ቀጥ ብለው ተቀመጡ። እሷም ቀጠለች። «ወ»ን ጻፈች፤ አስጻፈቻቸው፤ ሲሳሳቱ አረመቻቸው፤ ሲያገኙት «ጎበዝ!» አለቻቸው። በሩ ጋ ያሉት አባቷ አንገታቸው በኩራት እየረዘመ ሄደ።

ፈታኙ መሐረባቸውን አጥፈው ወደ ካሳው ዞር አሉ። «የጎብዬውም ልጅ ጥሩ ነበር። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።» ከዚያ ወደ በሩ ተመለከቱ። «አባባ፣ እናንተስ ቤት እንዴት ነው? ድርቁ እንዴት አደረጋችሁ?»

ካሳው ሲቲን አያት። ሲቲ አባቷን አየች። ሙሀመድሰይድ ከአግዳሚው ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጌታዬ! ዝናቡ ትንሽ ቀረት አለ እንጂ ምን እንሆናለን። ደህና ነን።»

«የሚበላስ አላጣችሁም?»

«ኧረ ተመስገን! ጠግበን ነው የምናድር።»

የአገሩ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ‹ኧረ ተቸግራችኋል ሲሉ ሰምቻለሁ!› ብሎ ይገፋ ነበር። እኚህም ግን የሩቅ ሰው ናቸውና አልገፉም። «እሰየው፤ እናንተስ ተርፋችኋል» ብለው በቅን ልብ እስክሪብቷቸውን አነሡ።

ሲቲ አምናን አየችው። የራሷን አፍ በአባቷ ፊት ላይ አየችው። ያላትን ሳታፍር እንድትናገር ያስተማሯት ሰው፣ የሌላቸውን ለመናገር አፋቸው ተይዟል። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም፤ ልጅ በአባቷ ቃል ላይ ቃል አትጨምርም፤ በእንግዳ ፊትማ ጨርሶ አይታሰብ። ዝም ብትል አባቷ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ ቤት ይመለሳሉ። እናቷ ደግሞ ያን ያበጠ እግሯን ዘርግታ ደጃፉ ላይ ትጠብቃቸዋለች። ሲቲ ፈራች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲነካ ጠመኔውን አስቀመጠች።

«ደህና አይደለንም» አለች።

የፈታኙ እስክሪብቶ ቆመ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና ቀጠለች። «እናቴ እግሯ አብጧል፤ ቆማ መዋል አቅቷታል። ዛሬ ጠዋት የበላሁት የመጨረሻውን ዱቄት ነው። ወንድሜ የት እንደገባ አናውቅም። ርቦናል፣ ጌታዬ።» ከዚያ ወደ ኋላዋ ሳትዞር፣ «አባ፣ አውፍ በሉኝ» አለች።

ፈታኙ መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ በሩ ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቁ። «አባባ፣ ልጅዎ የምትለው እውነት ነው?»

ሲቲ መዞር አልቻለችም። አባቷ ‹የለም› ካሉ እሷ ውሸታም ናት፤ ሥራውም የጎብዬው ልጅ ነው። ‹አዎ› ይላሉ ብላ ግን አልጠበቀችም፤ ያችን ቃል ሙሀመድሰይድ ከሚያወጧት ነፍሳቸው ብትወጣ ይቀላቸዋል። የዱላቸው ጫፍ ወለሉን ሲጭር ሰማች። ካሳው አንገቱን ደፋ።

«ልጄ» አሉ ሙሀመድሰይድ በመጨረሻ፣ «ዋሽታ አታውቅም።»